ያልተነካ ሰማያዊ ስፒኔል ምንድን ነው?

በበርማ የሞጎክ ሸለቆ ማዕድን ቆፋሪዎች፣ ስፒኔል ከተባለው የከበረ ድንጋይ አንዳንድ ክሪስታሎችን «መናፍስት የሞረዷቸው» የሚል ትርጉም ባለው ስም ይጠሯቸዋል። ከመሬት የሚወጡት ባለ ስምንት ገጽ ሆነው ነው፤ ሁለት ፒራሚዶች ከመሠረታቸው የተጣበቁ ይመስላሉ። ገጾቻቸው የሰው እጅ ሳያርፍባቸው ያብረቀርቃሉ። ሰብሳቢዎች በዚህ ድንጋይ የሚማረኩበት ምክንያት ከዚያ ስም ብዙ አይርቅም፤ ሥራው መሬት ውስጥ ያለቀ ድንጋይ ነው።

ስፒኔል ከማግኒዥየም፣ ከአሉሚኒየምና ከኦክስጅን የተሠራ ማዕድን ነው። ፍጹም ንጹሕ ከሆነ ቀለም የለውም። ቀለም የሚሰጡት ክሪስታሉ ሲያድግ ሾልከው የገቡ ጥቂት ባዕድ አተሞች ናቸው፦ ክሮሚየም ከገባ ቀይና ሮዝ፣ ብረት ከገባ ግራጫ ያዘለ ሰማያዊ፣ ኮባልት ከገባ ደግሞ ዓይን የሚይዘው ደማቅ ሰማያዊ ይሆናል። ጥንካሬው በሞህስ መለኪያ 8 ነው፤ ከኳርትዝ ይበልጣል፣ ከሰንፔር ያንሳል። በቀላሉ የሚሰነጠቅበት መስመር ስለሌለው ለቀለበት ይመቻል።

ይህን የመሰለ ድንጋይ ስሙ ለምን ደበዘዘ? ለረጅም ዘመን ቀዩ ስፒኔል ሩቢ ተብሎ ኖሯል። በእንግሊዝ ንጉሣዊ ዘውድ ላይ ያለው «የጥቁሩ ልዑል ሩቢ» ራሱ ስፒኔል ነው። ሁለቱን እ.ኤ.አ. በ1783 በግልጽ የለያቸው ፈረንሳዊው የማዕድን ሊቅ ሮሜ ደ ሊል ነበር። የሰማያዊው ችግር ግን ሌላ ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ሰማያዊ ሰንፔር በላቦራቶሪ ለመሥራት ሲሞከር፣ ለቀለሙ ኮባልት ተጨመረ፤ ኮባልቱ እንዲዋሃድ ደግሞ ማግኒዥየም ታከለ። የተገኘው ሰንፔር ሳይሆን ሰው ሠራሽ ስፒኔል ሆነ። በርካሽ ሊመረት ስለቻለ ሰንፔርን እያስመሰለ በቀለበትና በሐብል ላይ ተሰራጨ። ከዚያ ወዲህ «ሰማያዊ ስፒኔል» ሲባል ብዙ ሰው የሚያስታውሰው የፋብሪካውን ድንጋይ ነው። መሬት ያበቀለው በአስመሳዩ ስም መታማቱ ሁልጊዜ ያሳዝነኛል።

ወደ ኮባልቱ ልመለስ፣ ዋናው ውበት እዚያ ነውና። ኮባልት ከብርሃን ውስጥ አረንጓዴውን፣ ቢጫውንና ብርቱካናማውን ይውጣል፤ ሰማያዊውን ያሳልፋል፣ ከቀይም ጥቂት ይለቃል። ስለዚህ አንዳንዱ ድንጋይ በቀን ብርሃን ጥርት ያለ ሰማያዊ ሆኖ ሳለ፣ በሻማ ወይም በድሮው የአምፖል ብርሃን ወደ ሐምራዊ ያዘነብላል። የከበሩ ድንጋዮች መርማሪዎች የሚይዙት ቼልሲ የተባለው የቀለም ማጣሪያ መስታወት ሲደረግበት ደግሞ ቀይ ሆኖ ይታያል። ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው የኮባልት መጠን እጅግ ትንሽ ነው፤ ይህች ትንሽ ግን ስፒኔል በሚወለድበት እብነ በረድ ውስጥ በቀላሉ አትገኝም። ከተገኘችም ብዙ ጊዜ ብረት አብሯት ይገባና ቀለሙን ያጨልመዋል። በሰሜን ቬትናም በሉክ የን የሚወጣው በጥራቱ የታወቀ ነው፤ በስሪ ላንካ ወንዞች ካጠራቀሙት ጠጠር ይለቀማል፤ በካናዳዋ ባፊን ደሴትም ተገኝቷል። ከሉክ የን የሚመጡት ደማቆቹ ድንጋዮች አብዛኞቹ አንድ ካራት፣ ማለትም 0.2 ግራም፣ አይሞሉም።

ሌላም ጸጋ አለው። ሰንፔር ብርሃንን ሁለት ስለሚከፍል ከአንድ ወገን ሲያዩት ሰማያዊ ሐምራዊ፣ ከሌላው ወገን አረንጓዴ ያዘለ ሆኖ ይታያል። ቀራጩ መልካሙን አቅጣጫ ለማግኘት ሲል ከድንጋዩ ብዙ ለማጣት ይገደዳል። ስፒኔል ግን ብርሃንን አይከፍልም፤ ከየትም ቢያዩት ቀለሙ አንድ ነው። ቀራጩ ሐሳቡን በሙሉ ለብልጭታውና ለቅርጹ መስጠት ይችላል።

አሁን «ያልተነካ» ወደሚለው ቃል እንምጣ፤ ቀለሙን ሰው በሙቀትም ሆነ በሌላ መንገድ ያልለወጠው ማለት ነው። በገበያ ላይ ካለው ሰንፔር አብዛኛው ከአንድ ሺህ ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት የተጋገረ ነው፤ ጭጋጉ እንዲጠራ፣ ሰማያዊነቱም እንዲጎላ። ታንዛናይት ከሞላ ጎደል ሁሉም ይሞቃል። ሰማያዊ ቶፓዝም ቀለሙን የሚያገኘው ባብዛኛው በጨረርና በሙቀት ነው። እነዚህ አሠራሮች ለገዢው እስከተነገሩ ድረስ ነውር የለባቸውም። ስፒኔል ግን በሙቀት ብዙም ስለማይሻሻል፣ ለረጅም ጊዜ ማንም ምድጃ ውስጥ ለመክተት አልደከመበትም። ሰብሳቢ በእርግጠኝነት «ይህ ቀለም ከመሬት የመጣ ነው» ከሚልባቸው ጥቂት ድንጋዮች አንዱ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2015 ይህ እምነት ተናጋ። የተፈጥሮ ስፒኔልን ከኮባልት ጋር በከፍተኛ ሙቀት አግለው ቀለም ያሰረጉባቸው ድንጋዮች ገበያ ውስጥ መገኘታቸውን ላቦራቶሪዎች አስታወቁ። ድንጋዩ እውነተኛ ስፒኔል ነው፣ ኮባልቱም እውነተኛ ኮባልት ነው፤ ያገናኛቸው ግን ምድጃ ነው። ተስማሚ ፈሳሽ ውስጥ ነክረው በማጉያ ሲያዩት ቀለሙ በስንጥቆቹና በገጾቹ ጠርዝ ላይ ተከማችቶ ይታያል።

ከዚያ የሚበልጠው ምስክር ግን በዓይን የማይታየው ነው፤ እኔን ከሁሉ በላይ የሚያስደንቀኝም ይህ ነው። በስፒኔል ውስጥ ማግኒዥየምና አሉሚኒየም እያንዳንዳቸው የራሳቸው መቀመጫ አላቸው። ድንጋዩ መሬት ውስጥ በዝግታ፣ ለቁጥር በሚያታክት ዘመን ሲቀዘቅዝ ሁሉም ቦታ ቦታውን ይይዛል። በምድጃ ግሎ ቶሎ ሲቀዘቅዝ ግን አተሞቹ መቀመጫ ተለዋውጠው፣ እንደተዘበራረቁ ይቀራሉ። ላቦራቶሪው በድንጋዩ ላይ ሌዘር ሲያበራበት ውስጡ ያለው የክሮሚየም ርዝራዥ መልሶ ያበራል፤ የብርሃኑ መስመሮች ቀጭንና ጥርት ያሉ ከሆኑ ድንጋዩ እሳት አላየም፤ ሰፍተውና ደብዝዘው ከታዩ አይቷል። ሰው ሠራሹም በዚሁ ይጋለጣል። በነበልባል የሚሠራው ደግሞ ብርሃን የማጉበጥ መለኪያው 1.728 ገደማ ሲሆን የተፈጥሮው 1.718 አካባቢ ነው። ስለዚህ «ያልተነካ» ማለት የሻጭ ቃል ብቻ አይደለም፤ በክሪስታሉ አቀማመጥ ውስጥ ተጽፎ የሚነበብ ታሪክ ነው።

በማጉያ ወደ ውስጥ ማየት ለሚወድ ሰው ሌላም ነገር አለ። በብዙ የተፈጥሮ ስፒኔሎች ውስጥ ጥቃቅን ባለ ስምንት ገጽ ቅርጾች ተሰልፈው፣ አንዳንዴም የጣት አሻራ መስለው ይገኛሉ፤ ትልቁ ክሪስታል በሆዱ የራሱን ምስል የያዘ ይመስላል። ለጌጥ የሚገዛ ሰው እንከን ይለው ይሆናል። ሰብሳቢ ግን ለዚያ ሰልፍ ሲል ድንጋዩን ሊመርጠው ይችላል።

መግዛት ለሚያስብ ሰው፦ የታወቀ ላቦራቶሪ የመረመረበትን ወረቀት ጠይቁ፣ «የሙቀት ምልክት አልታየበትም» የሚለውንም ፈልጉ። «ኮባልት ስፒኔል» ለሚለው ስም ግን ላቦራቶሪዎች አንድ ዓይነት መስፈርት የላቸውም፤ አንዱ የሰጠውን ስም ሌላው ሊከለክል ይችላል። ስለዚህ ስሙን ከማየት በፊት ድንጋዩን በመስኮት ብርሃን፣ ከዚያም በአምፖል ብርሃን እዩት።

በብረት የቀለሙትንም አትናቋቸው። ዝናብ ያዘለ ሰማይ የሚመስል፣ ግራጫ የተቀላቀለበት ሰማያዊ አላቸው፤ ከኮባልቶቹ ይልቅ በትልቅ መጠን ይገኛሉ፣ ዋጋቸውም በጣም ያነሰ ነው። አንዱን ብቻ ምረጥ ብባል፣ በሚገባ የተቀረጸ ግራጫማ ሰማያዊ ስፒኔል እመርጣለሁ።