ሁለት የኢንተርኔት መስመር ለጌም፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ጨዋታው በሞቀበት ሰዓት ኔት ቁርጥ ሲል የማይበሽቅ ተጫዋች የለም። ብዙዎች ታዲያ «ሁለተኛ መስመር ላስገባና ልገላገል» ይላሉ። ሐሳቡ መጥፎ አይደለም። ችግሩ ከሁለተኛው መስመር የሚጠበቀው ነገር ላይ ነው።

«ሁለት መስመር ካለኝ ፒንጌ ይቀንሳል»

አይቀንስም። ፒንግ አንድ ፓኬት (ትንሽ የዳታ ቁራጭ) ሰርቨሩ ጋ፣ ማለትም ጌሙን የሚያስተናግደው ኮምፒውተር ጋ ደርሶ መልሱ እስኪመጣ የሚፈጀው ጊዜ ነው። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። ሰርቨሩ 3,000 ኪሎ ሜትር ርቆ ካለ፣ ሌላ መዘግየት ባይኖር እንኳ፣ ደርሶ መልሱ 30 ሚሊሰከንድ ይፈጃል። ቤታችሁ ሁለት በር ስላለው ገበያው አይቀርብላችሁም።

ፍጥነቱም ቢሆን ለጨዋታው ብዙ አይፈይድም። አብዛኞቹ የኦንላይን ጌሞች ስትጫወቱ በሰከንድ አንድ ሜጋቢት እንኳ አይጠቀሙም። ፍጥነት የሚያስፈልገው ጌሙን ዳውንሎድ ስታደርጉ ነው።

«ኬብሉንም ዋይፋዩንም ካገናኘሁ ኮምፒውተሩ ራሱ ይደምራቸዋል»

ዊንዶውስ እንዲህ አያደርግም። ለእያንዳንዱ ግንኙነት የቅድሚያ ቁጥር ይሰጥና ዝቅተኛው ቁጥር ባለው ይሄዳል። ሌላው እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል።

«ሁለት የኢንተርኔት መግቢያ ያለው ራውተር ሁለቱን አንድ ያደርጋቸዋል»

በጣም የተስፋፋው ስህተት ይሄ ነው። ሻጮችም አያርሙትም። ሎድ ባላንሲንግ የሚባለው ነገር ሥራ ያከፋፍላል እንጂ መስመር አያዋህድም። አንድ ግንኙነት የሚሄደው በአንዱ መስመር ብቻ ነው። 50 ሜጋ እና 50 ሜጋ ቢኖራችሁ ጌሙ ከአንደኛው 50 ውጪ አያይም። የፍጥነት መለኪያው 100 ሊያሳያችሁ ይችላል፤ ምክንያቱም ብዙ ግንኙነት በአንድ ጊዜ ከፍቶ በሁለቱም ላይ ስለሚበትን ነው። በዚህ ቁጥር አትሸወዱ።

«አንዱ ሲቋረጥ ሌላው ስለሚተካው ጨዋታው አይቋረጥም»

መተካቱን ይተካዋል። ግን መቼና እንዴት?

ራውተሩ መስመሩ መሞቱን የሚያውቀው ውጪ ያለ አንድ አድራሻን በየጊዜው እየጠየቀ ነው። በየ5 ሰከንዱ እንዲጠይቅና 3 ጊዜ መልስ ሲያጣ እንዲቀይር ተደርጎ ቢዋቀር 15 ሰከንድ ገደማ አለፈ ማለት ነው። ተኩስ ላይ ከሆናችሁ እስከዚያ አልቆላችኋል። ቢፈጥን እንኳ ሌላ ጣጣ አለ። ሁለቱ መስመሮች የተለያየ አይፒ አድራሻ (ኢንተርኔት ላይ የሚታወቁበት ቁጥር) አላቸው። አድራሻው በድንገት ሲቀየር አብዛኛው የጌም ሰርቨር አዲሱን እንደ እንግዳ ያየዋል፤ ነባሩን ግንኙነት ደግሞ እንደተቋረጠ ቆጥሮ ያስወጣችኋል። ዳግም መግባት የሚፈቅድ ጌም ከሆነ ተመልሳችሁ ትገባላችሁ። ይሄም ቀላል ጥቅም አይደለም፤ «ሳይታወቅ ይቀየራል» ከሚለው ግን በጣም ይርቃል።

ሳይታወቅ እንዲቀየር መሃል ላይ የሚቆም ሰርቨር ያስፈልጋል። ሁለቱም መስመሮች እዚያ ይገናኛሉ፤ የጌም ሰርቨሩ የሚያየው የመሃለኛውን አድራሻ ብቻ ነው። ስፒዲፋይ የሚባለው አገልግሎት በዚህ መንገድ ይሠራል። ኦፕንኤምፒቲሲፒራውተር ደግሞ ሰርቨር ተከራይታችሁ ራሳችሁ የምታዋቅሩት ነጻ ሶፍትዌር ነው። የዚህ ዘዴ ጉዳቱ የመንገድ መርዘም ነው፤ ስለዚህ መሃለኛውን ሰርቨር ከመንገዳችሁ ብዙ በማያስወጣ ቦታ ምረጡ።

እዚህም ላይ «መደመር» የሚለው ቃል ያታልላል። አንዱ መስመር 15፣ ሌላው 60 ሚሊሰከንድ ቢሆንና ፓኬቶቹ ለሁለቱ ቢከፋፈሉ፣ ቀድሞ የደረሰው የዘገየውን ሊጠብቅ ይችላል። ጨዋታው ከበፊቱ ብሶ ይንቀራፈፋል። ለጌም የሚሻለው እያንዳንዱን ፓኬት በሁለቱም መስመር መላክ ነው። ቀድሞ የደረሰው ይወሰዳል፣ ሌላው ይጣላል። ዳታ በእጥፍ ይበላል፤ ግን ጌም የሚጠቀመው ጥቂት ስለሆነ አይከብድም። ዳውንሎዱን ብቻ በዚያ መንገድ አትልቀቁት።

«ላግ (የጨዋታው መንቀራፈፍ) ካለ መስመሩ ደካማ ነው»

ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ቤት ውስጥ ነው። ፒንግ የሚለካ ፕሮግራም ክፈቱና ሌላ ሰው ትልቅ ቪዲዮ አፕሎድ ያድርግ። 20 ሚሊሰከንድ የነበረው ወደ 300 ከዘለለ ፓኬቶቻችሁ ከቪዲዮው ኋላ ወረፋ ይዘው ነው። ኦፕንደብሊውአርቲ የሚባለው ነጻ የራውተር ሶፍትዌር ባለው ራውተር ላይ ኤስኪውኤም የሚባለውን ወረፋ አስተካካይ አብሩና ገደቡን ከመስመሩ ፍጥነት 85 እስከ 90 በመቶ ላይ አድርጉት። ብዙ ሰው ሁለተኛ መስመር ሳያስገባ በዚህ ብቻ ይገላገላል።

ሁለት መስመር ካላችሁ ደግሞ፣ ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው አጠቃቀም የሚከተለው ነው፦ ኮንሶሉን በአንዱ መስመር፣ የቀረውን ቤተሰብ በሌላው። ብዙ ራውተሮች ለአንድ ዕቃ መስመር መመደብ ይፈቅዳሉ። አሰልቺ መፍትሔ ነው፤ ግን ይሠራል።

«ሁለት መስመር ካለኝ ዋስትና አለኝ»

ሁለቱም ከአንድ ድርጅት ከሆኑና በአንድ ምሰሶ ከመጡ፣ ምሰሶው ሲወድቅ አብረው ይወድቃሉ። ፋይበርና የሞባይል ኢንተርኔት ቢሆኑ ይሻላል። የሞባይሉ አድራሻ ብዙ ጊዜ ከሌሎች ደንበኞች ጋር የሚጋሩት ስለሆነ፣ የራሳችሁን ጨዋታ ከፍታችሁ ሰው መጋበዝ ግን ሊያስቸግር ይችላል። 36,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለ ሳተላይት ፒንጉ 600 ሚሊሰከንድ አካባቢ ስለሆነ ለተኩስ ጌም መጠባበቂያ አይሆንም። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ራውተሩና ሞደሙ ዩፒኤስ በሚባለው የባትሪ መጠባበቂያ ላይ ካልሆኑ የመስመሩ ብዛት ትርጉም የለውም።

ካዋቀራችሁ በኋላ በልምምድ ጨዋታ ላይ ሞክሩት። ኬብሉን ከራውተሩ ላይ አትንቀሉ፤ ራውተሩ ያንን ወዲያው ስለሚያውቅ ውጤቱ ያታልላችኋል። ከውጭ ወደ ሞደሙ የሚገባውን ንቀሉ። በእውነተኛው ብልሽት ጊዜም ብዙውን ጊዜ ሞደሙ እንደበራ ነው ኢንተርኔቱ የሚጠፋው።