ሲኤምኤስ ምንድን ነው? ዌብሳይትዎን በራስዎ እጅ ለማስተዳደር

አነስተኛ ንግድ ያላቸው ብዙ ሰዎች ዌብሳይት አላቸው። ዌብሳይቱ ግን በእጃቸው አይደለም። ስልክ ቁጥር ሲቀየር፣ የሥራ ሰዓት ሲለወጥ፣ አዲስ ዕቃ ሲገባ «የሠራልኝን ልጅ ልጠይቀው» ይላሉ። ልጁ ስልክ አያነሳም። ቢያነሳም «ነገ አስተካክለዋለሁ» ይላል። ነገ የተባለው ሳምንት ይሆናል። ደንበኛው ደግሞ በማይሠራው ቁጥር እየደወለ ተስፋ ይቆርጣል።

ከዚህ ጣጣ የሚያወጣው ነገር ሲኤምኤስ ይባላል። በአማርኛ የይዘት ማስተዳደሪያ ሥርዓት ልንለው እንችላለን። ስሙ ከበድ ይበል እንጂ ሐሳቡ ቀላል ነው። የዌብሳይቱን ጽሑፍና ፎቶ ከገጹ መልክ ለይቶ የሚያስቀምጥ፣ ኮድ ሳይነኩ በብሮውዘር ገብተው እንዲቀይሩ የሚያስችል ፕሮግራም ነው።

«ለይቶ» የምትለዋን ቃል ያዙልኝ። ቁም ነገሩ እሷ ላይ ነው።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። ቲም በርነርስ ሊ የመጀመሪያውን ዌብሳይት ሰርን በተባለው የምርምር ተቋም ሲሠራ፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት፣ በአብዛኛው እያንዳንዱ ገጽ ለብቻው የተጻፈ የኤችቲኤምኤል (የዌብ ገጽ የሚጻፍበት ኮድ) ፋይል ነበር። ጽሑፉና ኮዱ አንድ ላይ ተደባልቀው ነው የሚቀመጡት። አሥራ ሁለት ገጽ ያለው ዌብሳይት ቢኖርዎትና ስልክ ቁጥርዎ በየገጹ ግርጌ ቢጻፍ፣ ቁጥሩ የተቀየረ ዕለት አሥራ ሁለት ፋይል ተከፍቶ፣ አሥራ ሁለት ጊዜ ተስተካክሎ፣ እንደገና ወደ ሰርቨሩ፣ ማለት ዌብሳይቱ ወደተቀመጠበት ኮምፒውተር፣ መላክ አለበት። በመሐል አንዲት ምልክት በስህተት ከጠፋች ገጹ ሊተረማመስ ይችላል። ታዲያ ባለቤቱ ለመንካት ቢፈራ ይፈረድበታል?

በሲኤምኤስ ግን ጽሑፉ ዳታቤዝ በሚባል የመረጃ ማከማቻ ውስጥ ይቀመጣል። ቀለሙ፣ የፊደሉ ዓይነትና የገጹ አቀማመጥ ደግሞ ቴም በሚባለው ክፍል ውስጥ ይቀመጣል። ሰው ገጹን ሲከፍት ፕሮግራሙ ጽሑፉን ከዳታቤዝ ያወጣና በቴሙ ላይ አስፍሮ ያሳየዋል። ስለዚህ ግርጌው ላይ ያለው ስልክ ቁጥር የተጻፈው አንድ ቦታ ነው። እዚያች ቦታ ላይ ሲቀይሩት በአሥራ ሁለቱም ገጾች ላይ ይቀየራል። አንድ ማሳሰቢያ ግን አለኝ። ዌብሳይቱን የሠራው ሰው ቁጥሩን በየገጹ ጽሑፍ መሐል በእጁ ጽፎት ከሆነ ሲኤምኤስ መኖሩ አያድንዎትም። ገና እያሠሩ ከሆነ «ስልኩና አድራሻው አንድ ቦታ ብቻ ይሁን» ብለው አስቀድመው ይንገሩት።

ከታወቁት ሲኤምኤሶች ድሩፓል እ.ኤ.አ. በ2001፣ ጁምላ በ2005 ወጡ። በመሐል፣ በ2003፣ ማት ሙለንዌግና ማይክ ሊትል ዎርድፕሬስን አወጡ። ዛሬ በዓለም ላይ ካሉት ዌብሳይቶች ከ40 በመቶ በላይ የሚሆኑት በዎርድፕሬስ የተሠሩ ናቸው። ዎርድፕሬስ ራሱ በነፃ ይገኛል። ዶሜይኑ (የዌብሳይቱ ስም) እና ሆስቲንጉ (ዌብሳይቱ የሚቀመጥበት የሰርቨር ቦታ) ግን ይከፈልባቸዋል። በሌላ በኩል እንደ ዊክስ፣ ስኩዌርስፔስና ሾፒፋይ ያሉ አሉ። እነዚህ እንደ ኪራይ ቤት ናቸው። በየወሩ ወይም በየዓመቱ ይከፍላሉ፣ ጥገናው የእነሱ ነው። ልልቀቅ ሲሉ ግን ዌብሳይቱን እንዳለ ይዘው መውጣት አይችሉም። እኔ እንደማየው ቴክኒኩን የሚከታተልለት ሰው ለሌለው ኪራዩ ብዙ ጊዜ ይሻላል።

አንዲት የልብስ ስፌት ሥራ ያላት ሴት ዌብሳይቷን እንዳስተምራት ጠየቀችኝ። ማውሱን ለእሷ ሰጥቼ አጠገቧ ተቀመጥኩ። የመጀመሪያ ጥያቄዋ «ብነካው ቢበላሽስ?» የሚል ነበር። አይዞሽ አልኳት። በፓስወርዷ ገባች፣ በግራ በኩል ከተደረደሩት «ገጾች» የሚለውን ከፈተች፣ የሥራ ሰዓቱ ያለበትን ዓረፍተ ነገር አገኘች። የድሮውን ሰዓት አጥፍታ አዲሱን ጻፈችና የማስቀመጫውን ቁልፍ ተጫነች። ወዲያው በስልኳ ገጹን ከፍታ አየች። የድሮው ሰዓት እንዳለ ነው። ፊቷ ጭፍግግ አለ።

ስህተቱ የእሷ አይደለም። ካሽ የሚባለው ነገር ነው። ገጾች ቶሎ እንዲከፈቱ ስልኩም ሰርቨሩም የገጹን ቅጂ ለጊዜው ያስቀምጣሉ፣ ስለዚህ አንዳንዴ የሚታየው አሮጌው ቅጂ ነው። ሪፍሬሽ ስታደርገው አዲሱ ሰዓት መጣ።

ከዚያ አንድ ነገር አስደረግኳት። አንድ ሙሉ አንቀጽ አጥፍታ እንድታስቀምጥ ነገርኳት። ቀና ብላ አየችኝ፤ ግን አደረገችው። ቀጥሎ ዎርድፕሬስ የቀድሞ የገጹን ቅጂዎች የሚያስቀምጥበትን ቦታ አሳየኋት። አንቀጹ ከመጥፋቱ በፊት ያለውን መረጠች፣ «መልስ» አለችው፣ አንቀጹ ተመለሰ። ሁለት ጊዜ ደጋገመችው። ከዚያ በኋላ «ቢበላሽስ» የሚለውን ቃል አልሰማሁም። ባለቤቱ ዌብሳይቱን የማይነካው ስለማይችል አይመስለኝም፤ ስህተቱ የሚመለስ መሆኑን ያሳየው ሰው ስለሌለ ነው። እርግጥ ይህ መመለሻ የሚሠራው ለገጽ ጽሑፍ ነው። ከዚያ ለሰፋ ብልሽት ባክአፕ፣ ማለት የመላው ዌብሳይቱ ቅጂ፣ ያስፈልጋል፣ እሱም ከሰርቨሩ ውጭ ሌላ ቦታ መቀመጥ አለበት።

ለዕለት ሥራ ሁሉንም ነገር መቀየር የሚችለውን የአድሚን አካውንት አይጠቀሙ። ዎርድፕሬስ ላይ «ኤዲተር» የሚባል አካውንት አለ። ገጽ ያስተካክላል፣ ፎቶ ይጭናል፣ ያወጣል። ቴም መቀየርና ፕለጊን (በዌብሳይቱ ላይ ተጨማሪ ሥራ የሚጨምር ትንሽ ፕሮግራም) መጫን ግን አይችልም። ሠራተኛዎም ሆነ እርስዎ በእሱ ቢገቡ በስህተት ትልቁን ነገር አትነኩም። የአድሚኑ ፓስወርድ ግን የግድ እርስዎ ጋ ይኑር። የሠራልዎት ሰው የራሱ አካውንት ሊኖረው ይችላል፣ ብቸኛው አድሚን ግን እሱ መሆን የለበትም።

ፎቶ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። በስልክ የተነሳ ፎቶ ብዙ ጊዜ ወርዱ 4000 ፒክስል ያህል፣ ክብደቱም ብዙ ሜጋባይት ነው። እንዳለ ከተጫነ ገጹ ይንቀራፈፋል። 1600 ፒክስል አካባቢ አድርጎ መቀነስ ለአብዛኛው ገጽ ይበቃል። ፎቶው ምን እንደሚያሳይም በአጭር ዓረፍተ ነገር ይጻፉለት፤ ማየት ለማይችሉ ሰዎች የስክሪን ማንበቢያ ፕሮግራም ያነብላቸዋል።

ስለ አፕዴት አጭር ነገር ልበል። ዎርድፕሬስ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ትንንሽ የደኅንነት ማስተካከያዎችን በራሱ ይጭናል። ሌባ ብዙ ጊዜ የሚገባው ባረጁ ፕለጊኖች በኩል ነው። የማይጠቀሙበትን ያጥፉ፣ የሚጠቀሙበትን ባክአፕ ወስደው ያድሱ።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ግን ዶሜይኑ በሌላ ሰው እጅ ካለ ከንቱ ነው። ዶሜይን እንዳልኩት የዌብሳይትዎ ስም ነው፣ በየጊዜውም ይታደሳል። የማደሻው ማስታወቂያ የሚሄደው ሲመዘገብ ወደተሰጠው ኢሜይል ነው። ያ ኢሜይል ከዓመታት በፊት ዌብሳይቱን ሠርቶ የሄደ ሰው ኢሜይል ከሆነ ማስታወቂያውን የሚያየው የለም። ስሙ ጊዜው ሲያልፍ ዌብሳይቱ ይጠፋል፣ በዚያ ስም የሚሠራ ኢሜይል ካለዎትም አብሮ ይቆማል። ቶሎ ካልተደረሰበት ስሙን ሌላ ሰው ሊወስደው ይችላል።

ይህን ዛሬውኑ ማጣራት ይቻላል። የዶሜይን መረጃ መፈለጊያ ገጽ ይክፈቱና የዌብሳይትዎን ስም ያስገቡ። የባለቤቱ ስም ብዙ ጊዜ ተደብቆ ነው የሚመጣው። የተመዘገበበት ድርጅትና ጊዜው የሚያልፍበት ቀን ግን አብዛኛውን ጊዜ ይታያል። ቀኑን ይጻፉት፣ ከዚያ ለሠራልዎት ሰው ደውለው «ዶሜይኑ የተመዘገበው በማን ኢሜይል ነው?» ብለው ይጠይቁት።