ጅማ ላይ ውሃ በ100 ዲግሪ አይፈላም፦ ስለ ሙቀት፣ ብርሃንና ዘመናዊ ፊዚክስ ኮርስ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሙቀትን፣ ብርሃንንና ዘመናዊ ፊዚክስን አንድ ላይ የያዘው የኮሌጅ ኮርስ ሊጀመር ሲል ጅማ ውስጥ በየዶርሙ የሚወራው ነገር ከዓመት ዓመት አይለወጥም። ሲኒየሩ ለጁኒየሩ ይነግረዋል፤ ጁኒየሩም በተራው ሲኒየር ሲሆን ሳይመረምር ያቀብለዋል። ጉዳቱ ቀላል የሆነ አለ፣ ግሬድ የሚያበላሽም አለ። በላብ ሪፖርት ላይ በየሴሚስተሩ እየተመላለሰ የሚመጣውና ከሁሉ ይልቅ የሚያሰለቸው ግን ይሄ ነው።

«ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል፤ ቴርሞሜትሩ 94 ስላነበበ ተበላሽቷል።»

ቴርሞሜትሩ አልተበላሸም። ውሃ የሚፈላው የእንፋሎቱ ግፊት ከላይ ከሚጫነው የአየር ግፊት ጋር እኩል ሲሆን ነው። 100 የተባለው በባሕር ወለል ላይ፣ አየሩ በ101.3 ኪሎ ፓስካል ሲጫን ነው። ጅማ ከባሕር ወለል በላይ 1,780 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ የአየሩ ግፊት ወደ 82 ኪሎ ፓስካል ስለሚወርድ ውሃው 94 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይፈላል። አዲስ አበባ ከዚህም ከፍ ስለምትል እዚያ 92 አካባቢ ነው። እንግዲህ 94 አንብቦ «የመሣሪያ ስህተት 6 ከመቶ» ብሎ የሚጽፍ ተማሪ በትክክል የለካውን ነገር በገዛ እጁ ስህተት እያደረገው ነው።

ቴርሞሜትሩን መጠርጠር ጥሩ ልማድ ነው፤ ግን የሚፈተነው በበረዶ ነው። በረዶውን ሰባብሮ ትንሽ ውሃ ጨምሮ ማማሰል፣ ከዚያ ንባቡ መንቀሳቀስ እስኪያቆም መጠበቅ። በረዶ የሚቀልጥበት ነጥብ በከፍታ ምክንያት ይሄ ነው የሚባል ለውጥ ስለማያሳይ ጅማም ላይ 0 ማንበብ አለበት። በበረዶ 0፣ በፈላ ውሃ 94 ካነበበ መሣሪያው ጤነኛ ነው። በበረዶ 2፣ በፈላ ውሃ 96 ካነበበ ግን ሁለት ዲግሪ ተንሸራቷልና ከእያንዳንዱ ንባብ ላይ 2 ይቀነሳል። በሚፈላው ውሃ ውስጥ ደግሞ የቴርሞሜትሩ ጫፍ የዕቃውን ወለል መንካት የለበትም፤ ከነካ የሚለካው ከእሳቱ ጋር የተያያዘውን ወለል እንጂ ውሃውን አይደለም።

ይህ ስህተት የላብ ሪፖርት ላይ ብቻ ቢቀር ባልከፋ። ወደሚቀጥለው ሙከራ ግን አብሮ ይሄዳል። የነሐስን የሙቀት አቅም (አንድ ኪሎግራሙን በአንድ ዲግሪ ለማሞቅ የሚያስፈልገውን ሙቀት) ለማግኘት 100 ግራም ነሐስ በፈላ ውሃ ውስጥ ይሞቅና 50 ግራም በሚመዝን የአሉሚኒየም ኩባያ ውስጥ ወዳለ 150 ግራም ውሃ ይገባል እንበል። ውሃው 20 ዲግሪ ነበረ፤ 24 ላይ ቆመ። ውሃውና ኩባያው ለእያንዳንዱ ዲግሪ 673 ጁል ይወስዳሉ፤ በአራት ዲግሪ 2,692 ጁል ማለት ነው። ነሐሱ ከ94 ወደ 24 በ70 ዲግሪ ስለወረደ መልሱ በኪሎግራም በዲግሪ 385 ጁል ይሆናል፤ ሰንጠረዡ ከሚሰጠው 380 ጋር ይቀራረባል። ተማሪው ያነበበውን ትቶ የቸከለውን 100 ሲያስገባ ልዩነቱ 76 ዲግሪ ይሆንና 354 ይወጣለታል። ስምንት ከመቶ ጠፋ። ከዚያ ጥፋቱን «ሙቀት ወደ አየር ስላመለጠ» በሚለው የተለመደ ዓረፍተ ነገር ላይ ይጭነዋል።

ሙቀት ወደ አየር ማምለጡ እውነት ነው፤ ነገር ግን ከዚያ የሚብሱ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው ብረቱ ላይ ተንጠባጥቦ የሚገባው ውሃ ነው። ሁለት ግራም የፈላ ውሃ ከነሐሱ ጋር ቢገባ 586 ጁል ይዞ ይመጣል፤ ነሐሱ ራሱ ከሚሰጠው ከአንድ አምስተኛ በላይ ነው። ስለዚህ በክሩ ይዞ አንዴ ማራገፍና ወዲያው መክተት እንጂ እየተንጠባጠበ ማስገባት አይቻልም። ሁለተኛው የዲግሪው ጭማሪ ማነሱ ነው። በአራት ዲግሪ ጭማሪ ላይ ግማሽ ዲግሪ ማሳሳት 12 ከመቶ ስህተት ያመጣል። ውሃውን ወደ 75 ግራም ቢቀንሱት ጭማሪው ወደ 7 ዲግሪ ያድጋል፤ ነሐሱ ሙሉ በሙሉ መጥለቁን ብቻ ማረጋገጥ ነው። ውሃውን ከክፍሉ አየር በሁለት ሦስት ዲግሪ አቀዝቅዞ መጀመርም ይረዳል፤ መጀመሪያ ከአየሩ የሚወስደው ሙቀትና በኋላ ለአየሩ የሚሰጠው ይካካሳሉ።

የዚሁ ስህተት መንትያ ቤት ውስጥ ናት። «እሳቱ ሲበረታ የፈላው ይበልጥ ይሞቃል» ትባላለች። ንፍሮው ከተንተከተከ በኋላ ከሰል መጨመርና ማራገብ ውሃውን ከ94 አያሳልፈውም። በፈላ ውሃ ውስጥ የሚገባ አንድ ኪሎ ዋት ሙቀት በሰዓት 1.6 ሊትር ገደማ ውሃ ወደ እንፋሎት ይለውጣል እንጂ መጠነ ሙቀቱን አይጨምርም። ጀበናም ሲገነፍል ከተንተከተከው ቡና የበለጠ አልሞቀም። መጠነ ሙቀቱን የሚጨምረው ግፊት ነው፦ የግፊት ድስት በ82ቱ ላይ ሌላ 100 ኪሎ ፓስካል ሲጨምር ውሃው 117 ዲግሪ አካባቢ ይደርሳል፤ ባቄላው ቶሎ የሚበስለውም ለዚህ ነው። ሙቀትና መጠነ ሙቀት አንድ እንዳልሆኑ ከዚህ የተሻለ ማሳያ የለም፤ ሙቀቱ ያለማቋረጥ እየገባ ነው፣ ቴርሞሜትሩ ግን ቆሟል።

«ጠዋት ላይ ብረቱ ከእንጨቱ ይቀዘቅዛል።» ሌሊቱን አንድ ክፍል ውስጥ ያደሩ የብረት ወንበርና ባለ ሦስት እግር የጅማ በርጩማ መጠነ ሙቀታቸው እኩል ነው። ብረቱ ከእጃችን ሙቀት ፈጥኖ ስለሚወስድ ነው የሚቀዘቅዘን።

«ሴልሺየስም ኬልቪንም ያው ነው።» ያው የሚሆነው ልዩነት ስናሰላ ብቻ ነው። ማካፈል ወይም ማባዛት ሲመጣ ኬልቪን (ሴልሺየሱ ላይ 273 ተደምሮ) ግዴታ ነው። በ327 እና በ27 ዲግሪ ሴልሺየስ መካከል የሚሠራ ሞተር የመጨረሻ ብቃቱ በኬልቪን 300ን ለ600 አካፍሎ፣ ውጤቱን ከ1 ቀንሶ 50 ከመቶ ነው። በሴልሺየስ የሠራ ሰው ግን 92 ከመቶ ያገኛል፤ በዚህ ቁጥር ሳይደነግጥ አስምሮበት የሚያልፍ ተማሪ ብዙ ነው። ከግፊት ጋርም እንደዚሁ ነው። ጎሚስታው ጎማ ሲነፋ የሚያየው ጌጅ የሚያሳየው ከውጭው አየር በላይ ያለውን ትርፍ ነው። ጌጁ 200 ካለ በጋዝ ቀመር ውስጥ የሚገባው ጅማ ላይ 282 ኪሎ ፓስካል ነው፤ 200ም 301ም አይደለም።

«የቴርሞዳይናሚክስ አንደኛ ሕግ በኬሚስትሪና በፊዚክስ ይለያያል።» ሕጉ (የጋዙ የውስጥ ኢነርጂ ለውጥ ከሙቀትና ከሥራ ይመጣል የሚለው) አንድ ነው፤ የሚለያየው ሥራውን ማን ሠራው የሚለው ነው። ፊዚክሱ ጋዙ የሠራውን ሥራ ይቀንሳል፣ ኬሚስትሪው በጋዙ ላይ የተሠራውን ይደምራል። የመልስ ወረቀቱ አናት ላይ የትኛውን እንደተጠቀማችሁ ጻፉ።

ወደ ብርሃን ስንመጣ «ይሄኛው ክፍል ሥዕል ብቻ ስለሆነ ይቀላል» የሚሉ አሉ። እነዚሁ ተማሪዎች ናቸው ላብ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ምስል ሲፈልጉ የሚቆዩት። ሻማውንና ስክሪኑን 35 ሳንቲሜትር አራርቀው የትኩረት ርቀቱ (ከሩቅ የመጣን ብርሃን የሚሰበስብበት ርቀት) 10 ሳንቲሜትር የሆነ ሌንስ በመካከል ወዲህ ወዲያ ያንቀሳቅሳሉ። ምስል አይመጣም፤ «ሌንሱ ተቧጥጧል» ይላሉ። ጥርት ያለ ምስል ስክሪን ላይ እንዲያርፍ በሻማውና በስክሪኑ መካከል ያለው ርቀት ከትኩረት ርቀቱ አራት እጥፍ ማነስ የለበትም። ለዚህ ሌንስ ቢያንስ 40 ሳንቲሜትር ነው። 50 ላይ ቢያስቀምጡት ምስሉ ሁለት ቦታ ይገኛል፦ ሌንሱ ከሻማው 13.8 ሳንቲሜትር ሲርቅ ትልቅ ሆኖ፣ 36.2 ሲርቅ ትንሽ ሆኖ፤ ሁለቱም ተገልብጠው። በሁለቱ ቦታዎች መካከል ያለውን 22.4 ወስዶ፣ የ50ን ካሬ በእሱ ካሬ ቀንሶ ለ200 ማካፈል የትኩረት ርቀቱን 10 አድርጎ ይመልሳል። ይህ ዘዴ የሌንሱን መሐል በትክክል ማወቅ ስለማይጠይቅ ከሌሎቹ ይመረጣል።

ግን ከዚህ ሁሉ በፊት የትኩረት ርቀቱን ለመገመት ሌንሱን ወደ መስኮት ይዞ የውጭውን ዛፍ ነጭ ወረቀት ላይ ማሳረፍ ነው። ዛፉ 10 ሜትር ቢርቅ ምስሉ 10.1 ሳንቲሜትር ላይ ያርፋል፤ ስህተቱ አንድ ሚሊሜትር ብቻ። አንድ ደቂቃ የማይፈጅ ነገር ተትቶ አንድ ክፍለ ጊዜ ሲባክን ማየት ያሳዝናል።

«ሌንሱን በግማሽ ብንሸፍነው ምስሉ በግማሽ ይቆረጣል።» አይቆረጥም፣ ይደበዝዛል። ከሻማው ጫፍ የሚነሳ ብርሃን በሌንሱ ሁሉም ክፍል ያልፋል፤ ግማሹ ቢዘጋም የቀረው ግማሽ ጫፉን እዚያው ቦታ ያሳርፈዋል። ስህተቱ የሚመጣው ሁለት ጨረር ብቻ ከሚታይበት የመጽሐፍ ሥዕል ነው፤ እነዚያ ለመሳል የቀለሉ ስለሆኑ እንጂ ሌሎች ስለሌሉ አይደለም።

«ራስን ሙሉ ለማየት ከመስታወቱ መራቅ ያስፈልጋል።» የቁመታችን ግማሽ የሆነ፣ በልክ የተሰቀለ መስታወት ይበቃል። ርቀት ለውጥ አያመጣም።

«ብርሃን ውሃ ውስጥ ሲገባ ድግግሞሹ ይቀንሳል።» የሚቀንሱት ፍጥነቱና የሞገድ ርዝመቱ ናቸው።

ካልኩሌተሩ ሬዲያን ላይ ከሆነ የ30 ሳይን −0.988 ይላል። ፈተና ከመጀመሩ በፊት አንዴ 30ን ሞክሩ፤ 0.5 ካላለ አስተካክሉት።

ግሬቲንግ (ብርሃን የሚበትኑ ብዙ ጠባብ መስመሮች ያሉት ሳህን) ላይ «ትንሽ አንግል ስለሆነ ሳይንና ታንጀንት እኩል ናቸው» ማለት ሌላው በሽታ ነው። ከሁለት ስንጥቅ ሙከራ የመጣ ነው፤ እዚያ ትክክል ነበረ። በሚሊሜትር 600 መስመር ባለው ግሬቲንግ ግን 650 ናኖ ሜትር የሆነው ቀይ ሌዘር በ23 ዲግሪ ይወጣል፤ አንድ ሜትር የራቀ ስክሪን ላይ ከመሐሉ 42.4 ሳንቲሜትር ላይ ያርፋል። 42.4ን ለ100 አካፍሎ ሳይን ነው ያለ ሰው 706 ናኖ ሜትር ያገኛል። ሌዘሩ ላይ 650 ተጽፎ ሳለ 706 ጽፎ ማስረከብ አይገባም፤ መጀመሪያ አንግሉ ከታንጀንት ይገኝ፣ ከዚያ ሳይኑ ይወሰድ። ጨረሩ ወደ ማንም ዓይን እንዳይሄድ ደግሞ ሌዘሩ ከመብራቱ በፊት ጠረጴዛው ላይ ይታሰር።

ዘመናዊ ፊዚክስ ላይ ወሬው ይበዛል። አይንስታይን ኖቤል ያገኘው በሬላቲቪቲ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. የ1921 ሽልማት የተሰጠው በተለይ ለፎቶኤሌክትሪክ ሕግ (ብርሃን ከብረት ላይ ኤሌክትሮን ለሚያወጣበት) ነው። በኤክስሬይ የተነሳ እጅም ጨረር አመንጪ አይሆንም። «ሁለት ግማሽ ዕድሜ ካለፈ ሁሉም አለቀ» የሚለውም ስህተት ነው፤ ካርቦን 14 ከ5,730 ዓመት በኋላ ግማሹ፣ ከ11,460 ዓመት በኋላ ሩቡ ይቀራል።

ፋይናል ላይ ብዙ ማርክ የሚያስጥለው ግን «ብርሃኑን ካበረታነው ኤሌክትሮኑ ይወጣል» የሚለው ነው። የአንድ ፎቶን (የብርሃን እሽግ) ኢነርጂ በኤሌክትሮን ቮልት 1,240ን በናኖ ሜትር ለተጻፈው የሞገድ ርዝመት ማካፈል ነው። ሶዲየም ኤሌክትሮኑን ለመልቀቅ 2.3 ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ ይጠይቃል። የ650 ቀይ ብርሃን ፎቶን 1.9 ብቻ ስላለው መብራቱ ሺህ ጊዜ ቢበረታ ሺህ እጥፍ ፎቶን ይመጣል፤ እያንዳንዱ ግን አሁንም 1.9 ነው፣ አንድም አይበቃም። የ400 ቫዮሌት 3.1 ስላለው፣ ደካማም ቢሆን፣ ከፍተኛ ኢነርጂው 0.8 የሆነ ኤሌክትሮን ያወጣል። ቫዮሌቱን ማበርታት የኤሌክትሮኖቹን ብዛት፣ ማለትም ከረንቱን ይጨምራል፤ የሚያቆማቸው ቮልቴጅ ግን እዚያው 0.8 ላይ ይቆያል። ፈታኙ የከረንትና የቮልቴጅ ግራፍ አድርጎ ሲያመጣው የደካማውና የብርቱው ቫዮሌት መስመሮች የተለያየ ከፍታ ላይ ይሄዱና አግድም መስመሩን የሚነኩት አንድ ነጥብ ላይ ነው፤ ሁለት ነጥብ ላይ የሚያስነካ ሥዕል ዜሮ ነው የሚያገኘው።