የንግድ ስም ማውጣት የንግድ ምልክት ማስመዝገብ አይደለም

በድሬዳዋ ነጋዴዎች ዘንድ ደጋግሞ የሚነሳ ጥያቄ አለ፦ «ስሜን ንግድ ቢሮ አስመዝግቤአለሁ፤ ታዲያ ሌላ ሰው እንዴት በእኔ ስም ቡና ያሽጋል?»

የንግድ ስም ነጋዴውን ይለያል። በፈቃዱና በደረሰኙ ላይ የሚሰፍረው እሱ ነው። የንግድ ምልክት ግን ዕቃውን ወይም አገልግሎቱን ከሌላው ይለያል፤ በአዋጅ ቁጥር 501/1998 መሠረት የሚመዘገበውም በኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ነው።

ከዚራ በሚባለው የድሬዳዋ ሰፈር «ደቻቱ ንግድ» የሚል ፈቃድ ያላት ሴት ቡና ቆልታ፣ ፈጭታ፣ «ዋርካ» የሚል ጽሑፍና የዛፍ ሥዕል ባለበት ቢጫ ከረጢት ትሸጣለች እንበል። ፈቃዷ ስለ «ደቻቱ ንግድ» እንጂ ስለ «ዋርካ» አንዳች አይናገርም። ደንበኛው የሚያውቀው ደግሞ ከረጢቱን ነው! ሌላ ሰው ቀድሞ «ዋርካ»ን ለቡና ቢያስመዘግብ፣ የምልክቱ የምዝገባ የምስክር ወረቀት የሚሰጠው ለእሱ ነው። የደከመችበት ስም በሌላ እጅ ሲገባ ማየት ያንገበግባል።

ምዝገባው ለ7 ዓመት ይጸናል፤ ይታደሳልም። ጥበቃው የተመዘገበበትን የዕቃ ዓይነት ይከተላል፤ ለቡና የተመዘገበ ምልክት በራሱ ለጫማ አይሆንም። እንደ ጉዳዩ የሚለያየው የመመሳሰል ነገር ነው፦ «ዋርካ» እና «ወርቃ» ገዢን ያሳስታሉ ወይስ አያሳስቱም የሚለው ተመርምሮ ይወሰናል። ስለዚህ ከረጢት በብዛት ከማሳተም በፊት ምልክቱ በሌላ ሰው አለመያዙን ባለሥልጣኑ ዘንድ ማጣራት ይቀድማል።