ሊንች ሲንድሮም፦ በዘር የሚወረስ የአንጀትና የማህፀን ካንሰር

ሊንች ሲንድሮም የትልቁ አንጀትና የማህፀን ውስጠኛ ሽፋን ካንሰር በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ከትውልድ ትውልድ እንዲመላለስ የሚያደርግ የጂን ጉድለት ነው። ነገሩን መጀመሪያ ያስተዋለችው ልብስ ሰፊ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1895 በአሜሪካ ሚሺጋን፣ ዘመዶቿ በአንጀት፣ በጨጓራና በማህፀን ካንሰር እያለቁ እንደሆነ፣ የእሷም ዕጣ ከዚያ እንደማያልፍ ለፓቶሎጂስቱ (የሕብረ ሕዋስ ናሙና መርምሮ በሽታ ለሚለየው ሐኪም) አልድሬድ ዋርቲን ነገረችው። እንዳለችውም የማህፀን ካንሰር ገደላት። ዋርቲን የዘር ሐረጓን አጥንቶ በ1913 ቢያሳትምም ብዙ ሰሚ አላገኘም። ሲንድሮሙ ስሙን ያገኘበት ሐኪም ሄንሪ ሊንች በ1966 ተመሳሳይ ቤተሰቦችን ይዞ ብቅ ሲል እንኳ ካንሰር ይወረሳል የሚለው ሐሳብ በቀላሉ አልተዋጠም። ጂኖቹ መታወቅ የጀመሩት በ1993 ነው።

ዋናዎቹ ኤምኤልኤች1፣ ኤምኤስኤች2፣ ኤምኤስኤች6 እና ፒኤምኤስ2 ይባላሉ። ሥራቸው ዲኤንኤ ሲገለበጥ የሚፈጠረውን ስህተት ማረም ነው፤ ሲበላሹ ስህተቱ ይጠራቀማል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት በኩል ጉድለቱ ያለበት ሰው በዕድሜ ዘመኑ በአንጀት ካንሰር የመያዝ ዕድሉ እስከ ግማሽ ሊደርስ ይችላል፤ የፒኤምኤስ2 በጣም ያነሰ ነው። አንድ ልጅ የመውረስ ዕድሉ 50 በመቶ ነው፣ ከአባትም ይሁን ከእናት። ስለዚህ በማህፀን ካንሰር የሞተች አክስት በአባት ወገን ብትሆንም ትቆጠራለች። እኛ ዘንድ ብዙ ጊዜ «በሆድ ሕመም ሞተ» ተብሎ ስለሚታለፍ፣ የቤተሰብ ታሪክ ሲጠየቅ የትኛው አካልና በስንት ዓመት ብሎ ማጣራት ይገባል።

ምርመራው በቀዶ ሕክምና ከወጣው ዕጢ ይጀምራል፤ ናሙናው ቀለም ተቀብቶ አራቱ ጂኖች የሚያሠሯቸው ፕሮቲኖች መኖራቸው ይታያል። የኤምኤልኤች1 መጥፋት ብቻውን ውርስ ነው አያሰኝም፣ በዕድሜም ይመጣልና። የመጨረሻውን ቃል የሚሰጠው የደም የጂን ምርመራ ነው።

ለአንጀት መከላከያው ኮሎኖስኮፒ፣ ማለትም ትልቁን አንጀት ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ ማየት ነው። ፖሊፑ (በአንጀት ግድግዳ ላይ የሚበቅለው ትንሽ እብጠት) ወደ ካንሰር የሚለወጠው ፈጥኖ ስለሆነ በየአንድ ወይም ሁለት ዓመቱ ይደረጋል፤ እንደ ሌላው ሰው አሥር ዓመት መጠበቅ ለእነዚህ ሰዎች አይሠራም። ካፕ2 የተባለው ጥናት 861 ሰዎችን ይዞ በቀን 600 ሚሊግራም አስፕሪን የወሰዱት በአንጀት ካንሰር የተያዙት ባዶ ክኒን ከወሰዱት ባነሰ ቁጥር መሆኑን አሳይቷል። ጥቅሙ የታየው ግን ከዓመታት በኋላ ነው፤ አስፕሪን ጨጓራ ስለሚያደማም ያለ ሐኪም የሚጀመር አይደለም።

ማህፀን ላይ ክትትሉ ያን ያህል አስተማማኝ አይደለም። በ2006 በወጣ ጥናት አስቀድመው ማህፀናቸውን ካስወጡ 61 ሴቶች አንዷም በማህፀን ካንሰር አልተያዘችም፤ ካላስወጡት ግን ሲሶው ተይዘዋል። ስለዚህ ወልደው ለጨረሱ ሴቶች ቀዶ ሕክምናው በአማራጭነት ይቀርባል። ለማይፈልጉት ደግሞ ያለ ወቅቱ ወይም ካረጡ በኋላ የሚመጣ ደም፣ ትንሽም ቢሆን፣ በቶሎ ናሙና ተወስዶ መታየት አለበት።