የፀሐይ ፍንዳታ ምድር የሚደርስበትን ሰዓት መተንበይ

ፀሐይ አልፎ አልፎ ከውጫዊ ከባቢዋ፣ ከኮሮና፣ በቢሊዮን ቶን የሚቆጠር ፕላዝማ (በኤሌክትሪክ የተሞላ የጋለ ጋዝ) ከነመግነጢሳዊ መስኩ ወደ ኅዋ ትወነጭፋለች። ይህ ደመና ምድርን ሲያገኛት የመግነጢስ ማዕበል ቀስቅሶ የኃይል መስመሮችን፣ የሬዲዮ ግንኙነትንና ሳተላይቶችን ሊያውክ ይችላል። እ.ኤ.አ. ማርች 13 ቀን 1989 የካናዳዋ ኩቤክ ለ9 ሰዓት ያህል መብራት ያጣችው በዚሁ ሳቢያ ነው። የትንበያው ሥራ ደመናው መቼ እንደሚደርስና ምን ያህል እንደሚበረታ አስቀድሞ ማሳወቅ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ሴፕቴምበር 1 ቀን 1859 እንግሊዛዊው ሪቻርድ ካሪንግተን የፀሐይን ነጠብጣቦች ሲስል ድንገት ነጭ ብርሃን ቦግ ሲል ተመለከተ። ከ17 ሰዓት ተኩል ገደማ በኋላ ኃይለኛ ማዕበል ምድርን መታ፤ የቴሌግራፍ መስመሮችም ተቃወሱ። ካሪንግተን ሁለቱን ክስተቶች ለማያያዝ ጠንቃቃ ነበር። የማዕበሉ ትክክለኛ መጠን እስካሁን ያከራክራል። ከዚያ በኋላ ባለው አንድ ምዕተ ዓመት ትንበያ በአብዛኛው ነጠብጣቦችን ከማየትና ከመገመት አላለፈም።

ሁኔታውን የለወጠው በዲሴምበር 1995 የመጠቀው ሶሆ የተባለ የፀሐይ መመልከቻ መንኩራኩር ነው። ለሁለት ዓመት ታስቦ የተሠራው ይህ መንኩራኩር በ1998 ግንኙነቱ ተቋርጦ በባለሙያዎች ጽናት ተመልሷል፤ ከዚያም ለአሥርት ዓመታት አገልግሏል። ለዚህ መስክ የሶሆን ያህል የዋለለት መሣሪያ የለም ቢባል ማጋነን አይሆንም። ኮሮናግራፉ የፀሐይን ገጽ በክብ ሳህን ይጋርዳል፤ ያኔ ደብዛዛው ኮሮና ጎልቶ ይታያል። ትንበያ ሠሪው ተከታታይ ምስሎችን አስተያይቶ የደመናው ግንባር በደቂቃዎች ውስጥ ምን ያህል እንደተጓዘ ይለካል፤ ፍጥነቱንም ያሰላል። ፍጥነቱ በሰከንድ ከ250 እስከ 3,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይደርሳል። በፀሐይ ዙሪያ እንደ ቀለበት ከታየ ወደ እኛ እየመጣ ወይም ከእኛ እየራቀ ነው፤ በቀጥታ የሚመጣውን ደግሞ ፊት ለፊት ሆኖ ፍጥነቱን መለካት አስቸጋሪ ነው።

መንገዱም አይታመንም። ፈጣኑን ደመና ከፀሐይ ያለማቋረጥ የሚፈልቀው የፀሐይ ነፋስ ያዘገየዋል፣ ዘገምተኛውን ይገፋዋል። የአሜሪካው የኅዋ አየር ሁኔታ ትንበያ ማዕከል ከ2011 ጀምሮ ይህን ጉዞ ኤንሊል በተባለ የኮምፒውተር ሞዴል ያሰላል። ያም ሆኖ የመድረሻ ሰዓቱ በአማካይ በ10 ሰዓታት ገደማ ይስታል።

በሰዓቱ መድረሱ ብቻውን ማዕበል አያመጣም። በኦገስት 1972 አንድ ደመና በ14.6 ሰዓት ምድር ደርሶ የፍጥነት ክብረ ወሰን ያዘ፤ በቬትናም የባሕር ዳርቻ የተጠመዱ ፈንጂዎችም ፈነዱ። የደመናው መግነጢሳዊ መስክ በአመዛኙ ወደ ሰሜን ያቀና ስለነበር ግን ማዕበሉ በተለመደው መለኪያ የፍጥነቱን ያህል አልከበደም። የከፋ ማዕበል የሚያስነሳው ወደ ደቡብ ያቀና መስክ ነው። አቅጣጫው በእርግጠኝነት የሚታወቀው ከምድር 1.5 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ላይ ያሉ እንደ ኤሲኢ ያሉ መንኩራኩሮች ሲለኩት ብቻ ነው፤ የሚተርፈው ጊዜም ከ15 እስከ 60 ደቂቃ ገደማ ነው።

በሜይ 2024 በርካታ ደመናዎች ተከታትለው ሲመጡ ማዕከሉ ከ2005 ወዲህ የመጀመሪያውን የአራተኛ ደረጃ (ከአምስት) ቅድመ ማስጠንቀቂያ ሰጠ፤ የመጣው ግን አምስተኛ ደረጃ፣ ከ2003 ወዲህ ያልታየ ነበር። የአውሮፓ የኅዋ ኤጀንሲ በ2031 ለማምጠቅ ያቀደው ቪጂል የተባለ መንኩራኩር ደመናዎቹን ከጎን ሆኖ ይከታተላል፤ ይህም ፊት ለፊት የማይለካውን ፍጥነት ለመለካት ያስችላል።