ቪትዝ ላዳ አይደለችም

አዲስ አበባ ውስጥ የፈለጋችሁት አደባባይ ላይ ትንሽ ቁሙ። ቪትዝ፣ ያቺን ትንሽ ቶዮታ፣ ሳታዩ አትሄዱም። መኪናዋን ሁሉም ያውቃታል፤ ሞተሯን ግን ብዙ ሰው የሚያውቀው በወሬ ነው። ወሬው ደግሞ አብዛኛው ከላዳና ከፊያት ዘመን የተረፈ ነው። ያኔ ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ካርቡራተር ነበር፣ ዘይቱም ሌላ፣ መላውም ሌላ። ያንን መላ በኮምፒውተር የሚሠራ ትንሽ የጃፓን ሞተር ላይ ስንሞክረው ሒሳቡ የሚመጣው ለእኛ ነው። እኔም ባለ 3 ፒስተኗ አለችኝ። ከዚህ በታች ካሉት ወሬዎች ግማሹን አምኜ ኖሬአለሁ።

«ቪትዝ ሁሉ ሞተሩ አንድ ነው»

አይደለም። ቪትዝ በ1999 እ.ኤ.አ. ጃፓን ገበያ ላይ ስትወጣ የ1.0 ሊትሯ ሞተር 1ኤስዜድ-ኤፍኢ ነበር፦ 997 ሲሲ፣ 4 ፒስተን፣ 16 ቫልቭ፣ 70 የፈረስ ጉልበት። በ2005 ሁለተኛዋ ቅርጽ ስትመጣ ቦታውን 1ኬአር-ኤፍኢ ወሰደው፦ 996 ሲሲ፣ 3 ፒስተን፣ 12 ቫልቭ፣ ጉልበቱ እዚያው 70 አካባቢ። ብሎኩ አሉሚኒየም ነው፤ ሞተሩ በሙሉ 70 ኪሎ ገደማ ቢመዝን ነው። የ1.5 ሊትሩ ደግሞ 1ኤንዜድ-ኤፍኢ የሚባል፣ 1497 ሲሲ የሆነ ሌላ ቤተሰብ ነው።

ይህ ለዕውቀት ያህል ብቻ አይደለም። ሱማሌ ተራ፣ የመለዋወጫ ገበያው፣ ሄዳችሁ «የቪትዝ የውሃ ፓምፕ ስጠኝ» ብቻ ካላችሁ፣ በማግስቱ ዕቃውን ይዛችሁ ልትመለሱ ትችላላችሁ። ከመሄዳችሁ በፊት የሻንሲ ቁጥሩን በስልክ ፎቶ አንሱ። ኤስሲፒ10 ብሎ የሚጀምር የድሮዋ ባለ 4 ፒስተን 1.0 ናት። ኬኤስፒ90 ካለ ባለ 3 ፒስተኗ ናት።

«ሚኒሞ ላይ ትንቀጠቀጣለች፣ ሞተሩ ታሟል»

ባለ 3 ፒስተን ከሆነች ሚኒሞ ላይ፣ ማለትም ነዳጅ ሳይረገጥ፣ ትንሽ መንቀጥቀጥ ተፈጥሮዋ ነው። ሦስት ፒስተን እንደ አራት ራሱን በራሱ አያመዛዝንም፤ ይህ ሞተር ደግሞ ንዝረቱን የሚያጠፋ ተጨማሪ ዘንግ አልተሰጠውም። ቆማ ስትሠራ መሪው ላይ ይሰማችኋል፤ ነዳጅ ነካ ስታደርጉ ይጠፋል።

የሚያሳስበው ነዳጅ ስትሰጡም የማይጠፋው ነው፤ በተለይ የቼክ ኢንጂን መብራት ብልጭ ድርግም ሲል። ያ አንዱ ፒስተን ሳያቃጥል እየቀረ ነው ማለት ነው። ብዙውን ጊዜ ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለው ካንዴላ ወይም ለካንዴላው ኤሌክትሪክ የሚሰጠው ኮይል ነው። እያንዳንዱ ካንዴላ የራሱ ኮይል ስላለው አንዱን ኮይል ከሌላው ጋር ቦታ ቀይሮ ማየት ይቻላል። ችግሩ አብሮ ከተዛወረ ኮይሉ ነው፤ ሞተር ማውረድ አያስፈልግም። «ሚኒሞውን ላስተካክልልህ» ብሎ ካቻቪቴ ይዞ የሚመጣ ካለ ደግሞ በትሕትና አመስግናችሁ ኮፈኑን ዝጉ። እንደ ካርቡራተር የሚጠመዘዝ ብሎን እዚያ ውስጥ የለም።

«ዳገት ካቃታት ሞተሩ አልቋል»

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለችው። እዚህ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳር በሩብ ያህል ያንሳል። ተርቦ (አየር በግፊት የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር የሚስበው አየር ሲያንስ ጉልበቱም አብሮ ያንሳል። ያ 70 የፈረስ ጉልበት እዚህ ከ50 ብዙም አይዘልም። እንጦጦ ጫፍ ላይ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ፣ ሲሶው ገደማ ሄዷል። አምስት ሰው ጭናችሁ፣ ኤሲ ከፍታችሁ ሽቅብ ስትሉ ብታለቅስ አይፈረድባትም። ያቺው መኪና አዋሽ ስትወርድ ሌላ መኪና ትሆናለች። «ሜዳ ላይ ተፍታታች» የሚባለው እውነቱ ይኼ ነው።

ሌላው አነዳዳችን ነው። የፋብሪካው 70 ጉልበት የሚገኘው በ6,000 ዙር ላይ ነው። እኛ ደግሞ «ሞተሩ ሲጮህ ይጎዳል» ብለን በ2,000 ዙር ሦስተኛ ማርሽ አስገብተን ዳገት እናስገፋታለን። ትንሽ ሞተርን የሚያደክመው ይኼ ነው። ቶሎ ወደ ሁለተኛ መልሱ፤ ትጩህ። አውቶማቲክ ከሆነች ከዲ አውርዷት። የዙር መለኪያ የሌላትም ብዙ ናት፤ ጆሮ ይበቃል።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁ ከባለፈው ዓመት ይልቅ ዘንድሮ ከደከመች ግን ምክንያት ፈልጉ። ከአየር ፊልትሮና ከካንዴላ ጀምሩ፤ ማንዋል ከሆነች ፍሪሲዮንንም እዩ። የሞተር ጉዳይ ከዚያ በኋላ ነው።

«ቴርሞስታት ለፈረንጅ አገር ነው»

ይኼኛው ላይ ቂም አለብኝ። አንድ ጊዜ መኪናዬ ሞቀችና ሠፈር ያለ መካኒክ ጋር ወሰድኳት። ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃው ወደ ራዲያተር እንዳይሄድ የምትዘጋውን ቴርሞስታት ፈቶ አወጣና መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ። «ይህቺ ለብርድ አገር ናት፤ ያለሷ ነፋስ ነው የምትሆንልህ» አለኝ። ራዲያተሩንም ከቧንቧ ውሃ ሞላልኝ። እውነትም አልሞቀችም። ጠዋት ጠዋት ዳሽቦርዱ ላይ የምትበራው ሰማያዊ መብራት ግን ቶሎ አልጠፋ አለች፤ ቤንዚኑም ጨመረ።

ሰማያዊዋ መብራት «ሞተሩ ገና ቀዝቃዛ ነው» እያለች ነው። ኮምፒውተሩም ያንኑ ሰምቶ ቤንዚን ያበዛል። የበዛው ቤንዚን የሲሊንደሩን ግድግዳ ዘይት ያጥባል፣ ወርዶ ከታች ካለው ዘይት ጋር ይቀላቀላል። ሞተሩ ሳይሞቅ እየሠራ ቶሎ ይበላል። የሞቀችበት ትክክለኛ ምክንያትም አልተነካም። የእኔዋ የውሃ ፓምፕ ነበር። የፓምፑ ማሸጊያ ጎማ ደክሞ ቀስ እያለ ያፈስሳል፤ ከሥሩ ደርቆ የቀረ ነጣ ያለ የውሃ ዱካ ነበረው። በ1ኬአር ላይ ይህ የታወቀ ድክመት ነው።

ውሃውስ? ኩላንት፣ በተራ ውሃ ፋንታ ራዲያተር ውስጥ የሚገባው ፈሳሽ፣ ውርጭ ለመከላከል ብቻ አይደለም። አሉሚኒየሙ እንዳይበላ፣ ራዲያተሩ ዝገትና ደለል እንዳይሞላ የሚያደርገው እሱ ነው። የራዲያተርዋን ውሃ ሲቀዱላችሁ እንደ ሻይ ቀልቶ ከወረደ ምን ያህል እንደቆየ ይገባችኋል። ሌላም ነገር አለ። አዲስ አበባ ላይ ክፍት ድስት ውስጥ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ሞተሩ ደግሞ በጤናውም ወደዚያ ይጠጋል። ውሃው እንዳይፈላ የያዘው የራዲያተሩ ክዳን ነው። ግፊቱን ይዞ የመፍያውን ሙቀት ከ110 ዲግሪ በላይ ያደርሰዋል። ስለዚህ የላላ ክዳን እዚህ ከጅቡቲ ወደብ ይልቅ ይጎዳል። የክዳን ዋጋ ከቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ሥራ ጋር አይወዳደርም።

ቴርሞስታቷን ከመጣላችሁ በፊት ምድጃ ላይ ፈትኗት። ውሃ ባለበት ድስት ውስጥ የድስቱን ግድግዳ ሳትነካ በክር አንጠልጥሏት። ብዙውን ጊዜ ጀርባዋ ላይ 82 የሚል ቁጥር ተቀርጿል፤ መከፈት የምትጀምርበት ነው። ውሃው ሊፈላ ሲል መሐሏ ያለችው ክብ ሳሕን ቀስ ብላ ትነሣለች። ሙሉ በሙሉ የምትከፈተው 95 አካባቢ ነው፤ የእኛ ድስት እዚያ ስለማያደርሳት በግማሽ ብትከፈት አትዘኑባት። ምንም ካልተንቀሳቀሰች ያኔ አዲስ ግዙ። እኔ መልሼ አስገባኋት፤ ሰማያዊዋም ቶሎ መጥፋት ጀመረች።

«ወፍራም ዘይት ሞተር ይጠብቃል»

ለላዳ ልክ ነበር። እነዚህ ሞተሮች ግን ቪቪቲ-አይ የሚባል ነገር አላቸው፤ የቫልቮቹን መከፈቻ ጊዜ በዘይት ግፊት የሚያስተካክል። ዘይቱ የሚሄድበት መንገድ ጠባብ ነው፣ መግቢያው ላይም ደቃቅ ወንፊት አለ። ጠዋት 10 ዲግሪ ላይ ወፍራሙ 20ደብሊው-50 ዘይት እዚያ እስኪደርስ ይቆያል። ወዲያው አይገድላትም፤ ትታገላለች እንጂ። ቀጭኑ 5ደብሊው-30 የተሠራው ለዚህ ነው። ወፍራም ዘይት የሚያጨስ ሞተርን ጭስ ስለሚደብቅ ሻጮች ይወዱታል። መኪና ስትገዙ ይህን አትርሱ።

ሰማያዊ ጭስ ዘይት ነው፣ ጥቁር ቤንዚን ነው፣ ከሞቀች በኋላም የማይጠፋ ነጭ ጭስ ውሃ ነው። ዘይት የምትጨርስ ሁሉ ደግሞ ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) አትፈልግም። ከሞተሩ ውስጥ ያለውን ትንፋሽ የሚመልሰው ቫልቭ፣ ፒሲቪ፣ ተደፍኖም ይሆናል። ርካሽ ስለሆነ መጀመሪያ እሱን አስዩ።

«የዘይት መብራት ካልበራ ዘይት አለ»

ብዙ ሞተር የበላ ወሬ ነው። ያቺ ቀይ መብራት የምትለካው ግፊትን እንጂ መጠንን አይደለም። የ1.0 ሊትሯ ሞተር የሚይዘው ዘይት በጠቅላላው 3 ሊትር ገደማ ነው። አንድ ሊትር ሲጎድል ሲሶው ሄዷል፤ መብራቷ ግን ዝም ትላለች። ስትበራ ግፊቱ ወርዷል፤ ወዲያው አጥፉ፣ «እስከ ቤት ትድረስ» አይሠራም። ስለዚህ በሳምንት አንድ ቀን፣ ጠዋት ሞተሩ ሳይነሣ፣ ሜዳ ላይ፣ መለኪያውን ሳቡ፣ ጥረጉ፣ መልሳችሁ ሳቡ።

«ካቴና ነው፣ አይነካም»

እውነት ነው፣ የቫልቮቹን ዘንግ የሚያዞረው በሁሉም ላይ ካቴና (ሰንሰለት) ነው። በ100,000 ኪሎ ሜትር «ቺንጋው ይቀየር» ብሎ የሚያስከፍላችሁ ካለ፣ የትኛውን ቺንጋ እንደሆነ ጠይቁት፤ ውጭ ያለው የዳይናሞውና የውሃ ፓምፑ ነው። ካቴናው ግን የሚወጠረው በዘይት ግፊት ነው። ዘይት ጎድሎ ወይም ጠቁሮ ከከረመ ይረዝማል። ጠዋት ስትነሣ ለጥቂት ሰከንድ ሰንሰለት የሚጎተት የመሰለ ድምፅ ከሰማችሁ፣ መጀመሪያ ዘይቱን እዩ። እኔ በዚህ አቧራና ትራፊክ በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ እቀይራለሁ።

ጠዋት አሥር ደቂቃ አቁሞ ማሞቅም የካርቡራተር ውርስ ነው። ግማሽ ደቂቃ በቂ ነው፤ ከዚያ ቀስ ብላችሁ ንዱ።

ላቫጆ ላይ ሞተሩን በግፊት ውሃ ማሳጠብስ? ውሃው የካንዴላዎቹ ጉድጓድ ውስጥ ይተኛል፣ ኮይል ያበላሻል። ባለፈው አንድ ወዳጄ አሳጥቦ በሦስት ፒስተን ገብቶ በሁለት ወጣ። ልጁ ሊያጥብላችሁ ኮፈኑን ሊከፍት ሲል «እሱን ተወው» በሉት።